የጦር ሠፈርን ከእሳት የሚጠብቅ አስተማሪ

(በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለከተማው ሕዝብና ለመስተዳድሩ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተመረጠው ጉዳይ በጦር ሠፈር ውስጥ ወታደሩንና ሲቪሉን ሠራተኛ ስለ እሳት አደጋ የሚያሠለጥን ባለሙያ ሥራው ምን እንደሚመስል ነው። ከመካከላችሁ «የጦር ሠፈር ጉዳይ ለጦር አለቆች ይተው፤ እኛን ሱቅ ከፍተን የምንውለውን ምን ይመለከተናል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጠላት በዘብ ይመለሳል፤ እሳት ግን የይለፍ ቃል አይጠየቅም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲወጣም ሆነ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገባ አጥር አይከለክለውም። በጦር ሠፈር ነዳጁ፣ ጥይቱ፣ ጋራዡ፣ ወጥ ቤቱና ብዙ ሰው በአንድነት የሚያድርበት ቤት በአንድ ግቢ ተሰብስበው ይገኛሉ። ከጥይቱ በቀር እነዚሁ ሁሉ በከተማችንም አሉ፤ ልዩነቱ እዚህ የተበታተኑ መሆናቸው ብቻ ነው። ስለዚህ የጦር ሠፈሩ አሠልጣኝ የሚያስተምረው ትምህርት ለእኛም የሚበጅ ነው።

ምሳሌ የማደርገው የጎረቤታችንን የኬንያን ዋና ከተማ ናይሮቢን ነው። ይህን ያደረግሁበት ምክንያት ናይሮቢ የጦር ሠፈሮቿን በሕዝቡ መካከል የያዘች ከተማ ስለ ሆነች ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትና በእኛ አፍ «ኢስሊ» የምትባለው የኢስትሊ ሠፈር ከሞይ አየር ምድብ ጋር ጎን ለጎን ናት። ይህ ምድብ በእንግሊዞች ዘመን የንጉሣዊ አየር ኃይላቸው ጣቢያ ነበር፤ የኤምባካሲው አውሮፕላን ማረፊያ በ1950 ዓ.ም. እስኪከፈት ድረስም የመንገደኛ አውሮፕላኖች ያርፉበት ነበር። ዛሬ በዙሪያው ፎቅ ቤትና ገበያ ሞልቷል። የካሃዋና የላንጋታ ወታደራዊ ሠፈሮችም እንዲሁ ከተማው እያደገ ሄዶ ደርሶባቸዋል። በዚያ አገር እሳት አጥፊውን ክፍል በስዋሂሊ «ዚማ ሞቶ» ይሉታል። ሞቶ ማለት እሳት፣ ዚማ ማለት ማጥፋት ነው፤ በእኛ ቋንቋ ሲሰማ ግን ቃሉ ሌላ ነገር ያሳስባልና ለጆሮአችን ጥቂት ያስደነግጣል።

አሠልጣኙ ትምህርቱን የሚጀምረው ከጥይት ቤት ሳይሆን ከነዳጅ ነው። ወታደሩ በየቀኑ የሚነካው እርሱን ነውና። በመጀመሪያ የሚያስረዳውም ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ነው፤ ይኸውም የሚነደው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ከላዩ የሚነሣው ትነት መሆኑን ነው። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቀላል ብልጭታ የሚቀጣጠል ትነት አይሰጥም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ እንኳ ይሰጣል፤ ስለዚህ በደጋ አገር ውርጭ ላይ የተቀመጠ በርሜል ብርድ ስለ ሆነ ብቻ አያስተማምንም። ትነቱ ደግሞ ከአየር ይከብዳል። እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ዝቅ ያለ ቦታ እየፈለገ በቦይና በጉድባ ይሄዳል።

ይህን በቃል ብቻ መናገር አይበቃም። ስለዚህ አሠልጣኙ ዘንበል ያለ የቆርቆሮ ቦይ ያዘጋጅና ከራስጌው በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ያኖራል፤ ከግርጌው ሻማ ያበራል። ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ጨርቁ ላይ ተክለው ሲጠብቁ እሳቱ ከሻማው ተነሥቶ ሽቅብ እየሮጠ ጨርቁን ይይዘዋል። አንድ ጊዜ ይህን ያየ ወታደር በጀሪካን ነዳጅ ሲቀዳ ሲጋራ አይለኩስም። (ይህን በቤታችሁ እንዳትሞክሩት አደራ እላለሁ፤ አሠልጣኙ የሚያደርገው በሜዳ፣ ማጥፊያውን አጠገቡ አቁሞ ነው።)

ይህን ባለማወቅ የሚከፈለው ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ናይሮቢ አይታለች። እኛ የ2004 ዓ.ም. እንቁጣጣሽን በምናከብርበት በመስከረም 1 ቀን ጧት በከተማዪቱ የኢንዱስትሪ ቀበሌ፣ ሲናይ በሚባለው የድኾች መንደር አጠገብ፣ ከነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ ያፈተለከ ነዳጅ ወደ ፍሳሽ ቦዩ ገባ። የመንደሩ ሰው ባልዲና ጀሪካን ይዞ ሊቀዳ ወረደ። ከዚያ ትነቱ እሳት አገኘና ቦዩ በሙሉ ነደደ፤ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በፊትም በጥር ወር 2001 ዓ.ም. ሞሎ በሚባለው አገር አጠገብ የተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ሲቀዱ ከመቶ በላይ ሰዎች በእሳት አልቀዋል። ሰዎቹን ሌቦች ናችሁ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅሳቸውም። የአንድ ጀሪካን ቤንዚን ዋጋ ለእነርሱ የብዙ ቀን ምግብ ነበረ፤ ትነት በቦይ እንደሚሄድም ያስተማራቸው አልነበረም። በእኛም አውራ ጎዳናዎች ቦቴ ቀን ከሌት ያልፋልና ቦቴ ሲገለበጥ ሕዝቡን ማራቅ የመጀመሪያው ሥራ መሆኑን የየቀበሌው ሹም ዛሬውኑ ቢያውቀው መልካም ነው።

ከነዳጅ ቀጥሎ ወደ ጥይት ቤቱ እንመጣለን። በዚህ ላይ የጦር ሠፈሩ አሠልጣኝ ከከተማው እሳት አጥፊ ጋር ይለያያል። የከተማው እሳት አጥፊ የተማረው ወደ እሳቱ መሮጥን ነው። ወታደርም ከአደጋ መሸሽን እንደ ነውር እንዲቆጥር ሆኖ ያደገ ነው። አሠልጣኙ ግን ለእነዚህ ደፋር ሰዎች መቼ መሸሽ እንደሚገባ ማስተማር አለበት፤ ከሥራው ሁሉ የሚከብደውም ይህ ይመስለኛል።

ለዚህ ሲባል በብዙ የዓለም ጦሮች ዘንድ በጥይት ቤቱ በር ላይ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ምልክት ይሰቀላል። ስምንት ማዕዘን ያለው ቅርጽ 1 ቁጥር ተጽፎበት ከታየ በውስጡ ያለው ነገር በአንድነት የሚፈነዳ ነው ማለት ነው፤ እዚያ እሳት ከደረሰ ሰውን ከማውጣት በቀር ሌላ ሥራ የለም፤ ሁሉም ይርቃል። የመስቀለኛ ቅርጽ 2 ቁጥር የያዘው ስባሪ የሚወረውር ነው። የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን 3 ቁጥር የያዘው በኃይለኛ ነበልባል የሚነድ ነው። ባለአራት ማዕዘን ሆኖ በጫፉ የቆመው 4 ቁጥር ግን ያን ያህል የማያሰጋ ስለ ሆነ እሳቱን መዋጋት ይቻላል። ቅርጹ ከቁጥሩ ሌላ የተለየው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጢስ ውስጥ ቁጥር አይነበብም፤ ቅርጽ ግን ከሩቅ ይለያል። ከከተማ የሚመጣው የእሳት አደጋ መኪና ነጂም ይህን ምልክት ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ ወደ ሞት እየነዳ ይገባል።

ይህን የሚያስረዳ መራራ ምሳሌ በቆጵሮስ ደሴት በሐምሌ 4 ቀን 2003 ዓ.ም. የደረሰው ነው። በአንድ የባሕር ኃይል ሠፈር ውስጥ ከመርከብ የተያዙ 98 ኮንቴይነር ፈንጂዎች ከሁለት ዓመት በላይ በሜዳ ላይ ለፀሐይ ተጋልጠው ተቀምጠው ነበር። በዚያ ሌሊት እሳት ተነሣ፤ እሳት አጥፊዎች ተጠሩ፤ እነርሱም እንደ ልማዳቸው ገቡ። ጎሕ ሲቀድ ሁሉም በአንድነት ፈነዳ። ከሞቱት 13 ሰዎች 6ቱ እሳት አጥፊዎች ነበሩ። በአጠገቡ የነበረውና የደሴቲቱን ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህል የሚሰጠው ጣቢያም ፈረሰ። ከሠፈሩ አጥር ውጭ የነበረው ነጋዴም ሆነ ሐኪም ቤት መብራት እየጠፋበት ኖረ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የናይሮቢንና የአዲስ አበባን ታሪክ የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ። በ1977 ዓ.ም. የአገራችንን ረሃብ በሥዕል ለዓለም ያሳየው የናይሮቢው ፎቶግራፍ አንሺ ሞሐመድ አሚን በግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሥዕል ለማንሣት ወደ ቦታው ሄዶ ነበር። የመጀመሪያው ፍንዳታ አልፏል ሲባል ሌላ ታላቅ ፍንዳታ ተከተለ። አሚን ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ። ከእነርሱ ሌላ ያለቀው የአዲስ አበባ ሕዝብም ብዙ ነው። የጥይት እሳት ጸጥ ሲል ጨርሶ ሳይሆን እየተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሠልጣኞች የመመለሻው ትእዛዝ በአንድ ሹም ብቻ እንዲሰጥ፣ ሌላው ሁሉ «አልፏል» ብሎ እንዳይመለስ አጥብቀው ያስተምራሉ።

ከፍንዳታ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። በናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ በነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. በቦምብ ሲመታ 213 ሰዎች ሞቱ፤ የቆሰሉትም ብዙ ሺህ ነበሩ። ከቆሰሉት ብዙዎቹ ዓይናቸውን ያጡት በመስታወት ስባሪ ነው። ይህም የሆነው ከዋናው ፍንዳታ ጥቂት ቀደም ብሎ ተኩስና አነስተኛ ፍንዳታ ስለ ተሰማ፣ በዙሪያው በነበሩት ቢሮዎች ያሉ ሠራተኞች ምን እንደ ሆነ ለማየት ወደ መስኮት በመሄዳቸው ነው። የሰው ልጅ ጉጉት እንዲህ ነው። ፍንዳታ ሲሰማ ከመስኮት መራቅ፣ ወለል ላይ መተኛት፣ ጆሮን መሸፈን ለልጅም ለአዋቂም በአምስት ደቂቃ የሚሰጥ ትምህርት ነው።

ወዴት መሸሽ እንደሚገባም አስቀድሞ መነገር አለበት። በናይጄሪያ ሌጎስ በጥር 19 ቀን 1994 ዓ.ም. የኢኬጃ ጦር ሠፈር የጥይት ቤት ሲፈነዳ ከሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹን የገደላቸው ፍንዳታው አልነበረም። በጨለማ ሲሸሹ በእንቦጭ የተሸፈነ ቦይ ውስጥ ገብተው ሰጥመው ነው፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። የሠፈሩ አዛዥና የከተማው ሹም አስቀድመው ተነጋግረው የመሸሻውን መንገድ ለሕዝቡ አመልክተው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ባልሞተም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሥልጠናው ልመለስ። «እሳት የሚያጠፋ ልዩ ክፍል ካለን ሁሉን ወታደር ማስተማር ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ በየአገሩ ይነሣል፤ በጀት ሲጠብም መጀመሪያ የሚቀነሰው ይኸው የሥልጠና ገንዘብ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው በሐምሌ 22 ቀን 1959 ዓ.ም. «ፎረስታል» በምትባል የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ የደረሰው አደጋ ነው። በመርከቧ ላይ አንድ ሮኬት ሳይታሰብ ተተኮሰና ነዳጅ ፈሰሰ፤ እሳቱ ቦምብ የተሸከሙትን አውሮፕላኖች ከበባቸው። የሠለጠነው ክፍል በፍጥነት ደረሰ። ቦምቦቹ እሳት ሲነካቸው እስኪፈነዱ አሥር ደቂቃ ያህል ይታገሣሉ ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ነገር ግን ከእነርሱ መካከል ያረጁ ነበሩና የመጀመሪያው በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ፈነዳ። እሳት ማጥፋት የሚያውቁት ሰዎች አብዛኞቹ በዚያች ቅጽበት አለቁ። ከዚያ በኋላ ቱቦውን ያነሡት ያልተማሩ መርከበኞች ናቸው። ድፍረት አልጎደላቸውም፤ ግን አንዱ ነዳጁን በአረፋ ሲሸፍን ሌላው በባሕር ውሃ አረፋውን ያጥበው ነበር። 134 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከበኛውን ሁሉ፣ ወጥ ሠሪውንም ጸሓፊውንም፣ እሳት ማጥፋት ያስተምራል።

እንዲህም ሆኖ ትምህርቱ ካልታደሰ ይዝጋል። በሐምሌ 5 ቀን 2012 ዓ.ም. የዚያው ባሕር ኃይል «ቦኖም ሪቻርድ» የተባለች መርከብ በወደብ ታስራ በጥገና ላይ ሳለች ተቃጠለች፤ እሳቱም ከአራት ቀን በላይ ነደደ። መርማሪዎቹ ካገኙት ጉድለት አንዱ በመርከቧ ላይ አረፋ የሚረጭ መሣሪያ እያለ በጊዜው የተጫነ ቁልፍ አለመኖሩ ነው፤ የቁልፉን ቦታና ጥቅም የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ገንዘብ አውጥቶ መሣሪያ መግዛትና መጠቀምን ማወቅ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ለመሆኑ በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቀይ ማጥፊያ ስንቶቻችን አንሥተን እናውቃለን? ቀለበቱ ይነቀላል፤ አፉ ወደ ነበልባሉ ሳይሆን ወደ እሳቱ ሥር ይነጣጠራል፤ መያዣው ይጨመቃል፤ ግራና ቀኝ ይዳረሳል። አንዱ ሰው የሚሸከመው የዱቄት ማጥፊያ የሚበቃው ሃያ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። ያልተማረ ሰው ያን ሃያ ሴኮንድ ነበልባሉን በመርጨት ይጨርሰዋል።

ጥይትና ነዳጅ አስፈሪ ስለ ሆኑ ሰው ይጠነቀቅላቸዋል። አሠልጣኙ በየዕለቱ እየዞረ የሚያየው ግን ከዚህ ያነሰውን ነው። የተቃጠለ ፊውዝ በወፍራም ሽቦ ተተክቶ ያገኛል። በአንድ ሶኬት ላይ ምድጃ፣ ካውያና ሬዲዮ በማካፈያ ተሰክተው ያገኛል። የማጥፊያው ቦታ ላይ ሳጥን ተደርድሮ፣ መውጫው በር በሰንሰለት ተቆልፎ ያገኛል። በጋራዡ የብየዳ ሥራ ከበርሜሎቹ አጠገብ ሲሠራ ያያል፤ ስለዚህ ማንም ሰው ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍ ፈቃድ እንዲይዝ፣ ሥራው ካበቃ በኋላም ሰው ቆሞ ቦታውን እንዲጠብቅ ሥርዓት ያወጣል፤ የብየዳ ፍንጣሪ በጆንያ ውስጥ ተደብቆ ሰዓት ቆይቶ ይነሣልና። በወጥ ቤት ደግሞ ዘይት ሲነድ ውሃ መድፋት ክልክል መሆኑን ያስተምራል። አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1700 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ በነደደ ዘይት ውስጥ የገባች አንዲት ጣሳ ውሃ ዘይቱን እስከ ጣራ ትረጨዋለች። መክደኛ መክደንና እሳቱን መዝጋት ይበቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን አባባል አባቶቻችን ለጠብና ለበሽታ ሲሉት እንሰማለን፤ በመጀመሪያ የተባለው ግን፣ በእኔ ግምት፣ እንዲህ ላለው እውነተኛ እሳት ነው።

ስለ በሩ ሰንሰለት ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ብዙ ሰው የሚያድርበት ቤት ወታደራዊም ይሁን የተማሪ አንድ ነው። ከናይሮቢ ብዙም በማይርቀው በማቻኮስ አውራጃ፣ ክያንጉሊ በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በመጋቢት 17 ቀን 1993 ዓ.ም. ሌሊት የመኝታ ቤቱ በእሳት ተያይዞ 67 ወንዶች ልጆች ሞቱ። እሳቱን ሰው ሆን ብሎ ነው የለኮሰው። ይሁን እንጂ ከሁለቱ በሮች አንዱ ተቆልፎ ነበር፤ መስኮቶቹም በብረት ታጥረው ነበር። ሌባን ለመከላከል የተደረገው ብረት ልጆቹን አስሮ ያዘ። ከዚያም ወዲህ በኬንያ ትምህርት ቤቶች እሳት አልቀረም፤ በነሐሴ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኒዬሪ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት 21 ወንዶች ልጆች ሞተዋል። በከተማችን አዳሪ ተማሪ የሚያሳድር ሰው ዛሬ ማታ ሄዶ መስኮቱ ከውስጥ ይከፈት እንደ ሆነ በእጁ ገፍቶ ይየው።

በኬንያ ሕግ የሥራ ቦታዎች ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የእሳት ልምምድ እንዲያደርጉ በ1999 ዓ.ም. የወጣ ደንብ ያዛል። በጦር ሠፈር ልምምዱን የሚያስቸግረው ማዕረግ ነው። አሠልጣኙ ብዙ ጊዜ ሲቪል ወይም ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ሰው ነው፤ ደወሉ ሲደወል ግን ኮሎኔሉንም «ይውጡ» ማለት አለበት። አለቃው «እኔ ሥራ ላይ ነኝ» ብለው በቢሮአቸው ከቀሩ በሚቀጥለው ጊዜ የሻለቃው፣ ከዚያም የሃምሳ አለቃው ሥራ ይበዛል፤ በመጨረሻ ወደ ሜዳው የሚወጣው ወጥ ቤቱ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ብልህ አሠልጣኝ አስቀድሞ ከአዛዡ ጋር ይነጋገርና አዛዡ በሰዓት ተቆጥረው ከመጀመሪያዎቹ ጋር እንዲወጡ ያደርጋል። በሲቪሉም መሥሪያ ቤት ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ይህን ስናገር እዚህ የተቀመጡትን ክቡራን ለማስቀየም አይደለም።

ልምምዱም እንደ ሰልፍ ያማረ እንዲሆን አይፈለግም። አንዱን በር «ጢስ አለበት» ብሎ መዝጋት፣ አንዱን ሰው «ወድቋል» ብሎ መደበቅ፣ መብራቱን ማጥፋት፣ ከዚያም በመሰብሰቢያው ቦታ ስም ሲጠራ የጎደለው ሰው ይታወቅ እንደ ሆነ ማየት ነው። የጠፋውን ሰው ማንም ሳያስታውሰው ልምምዱ ቢያበቃ አሠልጣኙ የሚያዝነው ቢሆንም ትርፉ እርሱ ነው፤ ጉድለቱ ያለ ሬሳ ተገኝቷልና።

የጦር ሠፈሩና የከተማው እሳት አጥፊዎች ተለያይተው የሚሠሩበት አገር በአደጋ ጊዜ ያፍራል። በነሐሴ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ንጋት የናይሮቢው የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች መቀበያ አዳራሽ ተቃጠለ። እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ሰው አልሞተም። ነገር ግን እሳቱን ለመቆጣጠር ሰዓታት ወሰደ፤ የግል ኩባንያ የእሳት መኪናዎች ለርዳታ ተጠሩ፤ ፖሊሶችም ተሰልፈው ውሃ በባልዲ ሲቀባበሉ ታዩ። በዓለም አቀፍ ደንብ የአውሮፕላን ማረፊያ እሳት አጥፊ ወደ ማንኛውም የመንደርደሪያው ጫፍ በሦስት ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለበት፤ ያ ዝግጅት ግን ለአውሮፕላን እንጂ ለታላቅ አዳራሽ አልተሰናዳም።

ርዳታ ቢመጣ እንኳ መገጣጠም አለበት። በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ስትቃጠል ከሌሎች ከተሞች በባቡር የመጡት እሳት አጥፊዎች ቱቦአቸው ከባልቲሞር የውሃ አፍ ጋር ስላልገጠመ ብዙዎቹ ቆመው አዩ። እኛም መኪናዎቻችን ከልዩ ልዩ አገር የተገዙና በስጦታ የመጡ ስለ ሆኑ ይኸው ችግር አይገጥመንም ማለት አይቻልም። የማጋጠሚያ ብረት ዋጋው ጥቂት ነው፤ ሠርቶ የሚያዘጋጅ ብረት ሠሪም በከተማችን አይጠፋም።

ከአጥር ወደ ውጭ ስለሚወጣው እሳት ደግሞ ከናይሮቢ በስተ ሰሜን በናንዩኪ አጠገብ በሎልዳይጋ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። የእንግሊዝ ጦር በልምምድ ላይ ሳለ የተነሣ እሳት ብዙ ሺህ ኤከር ደንና ሣር በላ። የአካባቢው ነዋሪዎች በጢሱ ታመምን፣ ንብረታችን ጠፋ ብለው በኬንያ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ነገሩም ዓመታት ወስዶ በካሣ አለቀ። በክልላችን በሰሜን ተራሮች በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ሰደድ እሳት ሲነሣ ገበሬው በቅጠልና በአፈር ሲታገል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም እሳት አጥፊዎች መጥተው እንደ ረዱን የሚዘነጋ የለም። ጎረቤት የሚረዳው የሚጠራበትን መንገድ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ነው።

ለሹማምንቱ በተለይ የምለው አለኝ። በጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በናይሮቢ ኤምባካሲ ክፍል በመኖሪያ ቤቶች መካከል በነበረ የጋዝ መሙያ ግቢ የጋዝ መኪና ፈነዳ፤ ሰዎች ሞቱ፣ ከሁለት መቶ በላይ ቆሰሉ። የኃይል ጉዳይ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለዚያ ቦታ የቀረቡትን የሥራ ፈቃድ ጥያቄዎች እንዳልተቀበለ አስታወቀ፤ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ሕዝብ በብዛት የሚኖርበት ቦታ መሆኑ ነው። ጋዙ ግን ሲሞላ ነበር። ከአደጋው በኋላ ምርመራው፣ እገዳውና መግለጫው በረከተ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። «አይፈቀድም» የሚል ወረቀት ፋይል ውስጥ ቢቀመጥ እሳቱን አይከለክልም፤ አንድ ሰው ሄዶ በሩ መዘጋቱን ማየት አለበት። አዲስ አበባም ብትሆን በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ ለደረሰው ቃጠሎ መኪናዎቹ በጠባቡ መንገድ ለመግባት ምን ያህል እንደ ተቸገሩ ሁላችን ሰምተናል።

ስለዚህ የመስተዳድሩ ሹም በአቅራቢያው ካለው የጦር ሠፈር አዛዥ ጋር ሲገናኙ ከሠላምታው በኋላ የሚጠይቁት ይህን ቢሆን እወዳለሁ፤ የጥይት ቤታችሁ ከሕዝቡ ቤት የሚርቀው ስንት ሜትር ነው? በመካከሉስ አዲስ ቤት እንዲሠራ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቅዶ ይሆን? አዛዡ ለጥበቃ ሲሉ ቁጥሩን ባይናገሩም እንኳ ቤት የማይሠራበትን ወሰን በካርታ ማመልከት ይችላሉ። የአሠልጣኛችሁን ትምህርት በዓመት አንድ ቀን ለገበያው ዘበኞች፣ ለማደያው ሠራተኞችና ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ ሞግዚቶች ትሰጡልን ዘንድ ይቻላልን? የእኛስ መኪና ሲመጣ በየትኛው በር ይገባል፤ በሌሊት ቁልፉ በማን እጅ ነው?

የዚህ የመጨረሻ ጥያቄ መልስ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ በሠፈሩ ተረኛ መኮንን ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለተኛው በማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ክፍል ከስልኩ አጠገብ ይለጠፍ። ቁልፍ ያዡ ሰው በተዛወረ ቁጥርም ስሙ በዚያው ዕለት ይለወጥ።